ኤዮዊንን በአማርኛ መተረክ፦ «ወንድ የሆነ ይምጣ!»



ዘንድሮ በትልልቆቹ ክፍል ልጆቹ የሚወዱትን ታሪክ ራሳቸው በአማርኛ እንዲተርኩ እያደረግን ነው። የጦጣና የቀበሮ ተረት ይወዳሉ፤ ግን በትርፍ ጊዜያቸው የሚያነቡት ሰይፍና ዘንዶ ያለበትን ነው። እኔም ከዚያው ዓለም አንዷን ሴት ይዤላችሁ መጥቻለሁ። ታሪኳ ለአማርኛ ትምህርት እጅግ የተመቸ ነው፤ እቤትም ከሴት ልጆቻችሁ ጋር ያነጋግራችኋል ብዬ አስባለሁ።

ስሟ ኤዮዊን ነው። ቶልኪን እ.ኤ.አ. በ1954 እና በ1955 በሦስት ቅጽ ባሳተመው «ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» ውስጥ ትገኛለች። የፈረሰኞች አገር የሆነችው የሮሀን ንጉሥ፣ የቴዮደን የእህት ልጅ ናት። አባቷ በጦርነት ሞተ፤ እናቷም በሐዘን ታማ ብዙ ሳትቆይ ተከተለችው። እሷና ወንድሟ ኤዮመር ያደጉት አጎታቸው ቤት ነው። ፈረስ መጋለብም ሰይፍ መምዘዝም ከወንድሟ እኩል ትችላለች። ግን አጎቷ ግሪማ የሚባል ክፉ አማካሪ በምላሱ አደንዝዞት፣ ያለ ዕድሜው አርጅቶ ተቀምጧል። ወንድሟ ጦር ሜዳ ሲውል እሷ ሽማግሌውን እየደገፈች፣ እያስታመመች ትውላለች። ግሪማ ደግሞ በሄደችበት በዓይኑ ይከተላታል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። እኛ ዘንድ ማስታመም የሚያስመሰግን ነገር ነው፤ አስታማሚውን «አንቺስ እንዴት ነሽ?» የሚል ግን ጥቂት ነው። ከአያቷ ጋር ሐኪም ቤት ሄዳ የምታስተረጉመው፣ ታናናሾቿን የምትይዘው በብዙ ቤታችን ሴቷ ልጅ ናት። ቶልኪን ይህቺን ልጅ አይቷታል። ኤዮዊን በኋላ ቆስላ ስትተኛ፣ ጋንዳልፍ ወንድሟን በሌላ አነጋገር እንዲህ ይለዋል፦ አንተ ፈረስም ሜዳም ነበረህ፤ እሷ ግን ካንተ የማያንስ ልብ ይዛ እቤት ቀረች፤ ሌሊት ብቻዋን ስትሆን ምን እንደምታስብ ማን ያውቃል? ወንድሟ እኮ እስከዚያ ቀን ድረስ ልብ አላለውም ነበር።

ንጉሡ ድኖ ሲዘምት ሕዝቡን እንድትጠብቅ ለሷ አደራ ሰጣት። ትልቅ ሹመት ነው፤ ለሷ ግን ያው መቅረት ነው። አራጎርንን አብሬህ ልዝመት ብላ ብትለምነው እምቢ አላት። የምትፈራው ሞትን አልነበረም፤ መዘጋትን ነው፤ እንደ ወፍ በጎጆ ውስጥ አርጅቶ መቅረትን። ስለዚህ የወንድ ልብስና የራስ ቁር አድርጋ፣ «ደርንሄልም» ብላ ራሷን ሰይማ ከሠራዊቱ ጋር ተቀላቀለች። «እንደ ጣይቱ ናት?» የሚል ጥያቄ ከልጆቻችሁ ቢመጣ አትደነቁ። እቴጌ ጣይቱ በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ የዘመቱት በራሳቸው ስም፣ የራሳቸውን ጦር ይዘው ነው፤ መደበቅ አላስፈለጋቸውም።

አሁን ወደ አማርኛው እንምጣ። መጽሐፉ ደርንሄልም ማን እንደሆነ ለአንባቢ በግልጽ አይነግርም። ስለዚህ ስንተርክ «አንድ ወጣት ፈረሰኛ መጣ፤ ቀርተህ ጠብቅ የተባለውን ትንሹን ሜሪን አንሥቶ ከፊቱ አስቀመጠው፤ ዝም ብሎ ጋለበ» ማለት አለብን። የራስ ቁሩ ሲወልቅ ግሱ ሁሉ ይገለበጣል፦ መጣች፣ አንሥታ ከፊቷ አስቀመጠችው፣ ዝም ብላ ጋለበች። በእንግሊዝኛ ተውላጠ ስሟን መቀየር ይበቃል፤ በአማርኛ ግን ጾታው በየግሱ ላይ ተጣብቋል። «እማዬ፣ ና!» እያለ የሚጠራችሁ ልጅ ካለ (በብዙ ቤት አለ) ይህን ታሪክ ሁለት ጊዜ ያስተርኩት፤ አንዴ በ«እሱ»፣ አንዴ በ«እሷ»። ፊልሙን ግን ከትረካው በኋላ አሳዩት፤ በ2003 የወጣው ሦስተኛው ፊልም ማን እንደሆነች ከመጀመሪያው ስለሚያሳይ ምስጢሩ ያልቃል።

ከሁሉ የሚከብደው ትንቢቱ ነው። በፔሌኖር ሜዳ ጠንቋዩ ንጉሥ ቴዮደን ላይ ሲመጣ፣ ኤዮዊን በመሐል ትቆማለች። ይህ ጠንቋይ እንደማይገደል ተማምኗል፤ ትንቢቱ የተነገረበት የእንግሊዝኛ ቃል ግን «ሰው»ም «ወንድ»ም ማለት ነው። ኤዮዊን ወንድ አይደለችም፤ ሜሪ ደግሞ ሆቢት ስለሆነ በታሪኩ ውስጥ «ሰው» ከሚባሉት ጋር አይቆጠርም። አንዷ ቃል ሁለቱንም ታሳልፋለች። በአማርኛ «ሰው አይገድለኝም» ብንል ኤዮዊንም ሰው ናት፤ ትንቢቱ ውሸት ሊሆን ነው። «ወንድ አይገድለኝም» ብንል ደግሞ ብልሃቱ ገና ሳይጀመር ይታወቃል።

እኔ ያገኘሁት መውጫ ፉከራ ነው። ጠንቋዩን እንደ አገራችን ፎካሪ «ወንድ የሆነ ይምጣ! እኔን የሚደፍር ወንድ አልተወለደም!» አስብሉት። ልጆቹ «ወንድ» የሚለውን «ጀግና» ብለው ይሰሙታል፤ ማንም አይጠረጥርም። ያኔ የራስ ቁሯን አውልቃ ሴት መሆኗን ስትነግረው፣ ቃሉ በዋና ትርጉሙ ተመልሶ ይይዘዋል። የሜሪ ድርሻ በዚህ አተራረክ ይጎድላል፤ ስለዚህ እሱ ከኋላ ጉልበቱን የወጋበት ሰይፍ፣ ጥንት ከዚሁ ጠንቋይ መንግሥት ጋር በተደረገ ጦርነት ዘመን የተሠራ መሆኑን አትርሱ። ኤዮዊን ጋሻዋና ክንዷ ተሰብሮም የመጨረሻውን ምት ያሳረፈችው ከዚያ በኋላ ነው።

እኔም አያቴ «ወንድ ናት!» እያለች ስታሞግሰኝ ነው ያደግሁት፤ ደስም ይለኝ ነበር። እዚህ የተወለዱ ልጆች ግን ቃሉን እንዳለ ነው የሚሰሙት። ጎበዝ የሆነችውን ልጅ «ወንድ ናት» ስንላት፣ «ሴት ብሆንስ?» ትላለች፤ ልክ ናት። ቃሉን ከአማርኛ እናውጣው አልልም፤ ፉከራችን ያለሱ ምን ይሆናል? ለሴት ልጅ ምስጋና ግን ሌላ ቃል ቢታከል ደስ ይለኛል።

ልጃገረዶቻችን የሚናደዱት በመጨረሻው ነው። ኤዮዊን ከድሉ በኋላ ሰይፏን አስቀምጣ ፈዋሽ ልሁን ትላለች፤ ፋራሚርንም ታገባለች። «ይኼው፣ መልሰው እቤት አስገቧት!» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ለውጡ በጥቂት ገጾች ተጣድፎ ያልቃል። ግን ወደ ጦርነቱ የሄደችው ለመሞት ነበር፤ ሜሪ ያንን ፊቷ ላይ አይቶታል። ካሸነፈችም በኋላ አልጋ ላይ ሆና ተመልሼ ልሙት ትል ነበር። ቶልኪንም በመጀመሪያ ረቂቁ እዚያው እንድትሞት አስቦ ነበር። ፋራሚር እራሱ ቁስለኛ ነው፤ አያዛትም፤ አጠገቧ ሆኖ ይጠብቃል። ልጅቷ መኖር መፈለጓ ለኔ ጠንቋዩን ከመግደሏ ይበልጥብኛል። ከዚህ የተለየ ሐሳብ ያላት ተማሪ ካለች በአማርኛ ትሟገተኝ፤ ነጥብ እሰጣታለሁ።

አንድ ነገር ከእናንተ እፈልጋለሁ። መጽሐፉ ኤዮዊንን የሚጠራበት፣ ጋሻ ያነገበች ልጃገረድ የሚል ትርጉም ያለው አንድ ቃል አለ። «ጋሻ ጃግሬ» እንዳንል አጃቢ ይሆናል፤ «ጀግኒት» ጋሻውን ያስቀረዋል። እናቶቻችሁንና አያቶቻችሁን ስልክ ደውላችሁ ጠይቁልን፤ የተገኘውን ቃል ቅዳሜ ልጆቹ ይዘው ይምጡ።