ቅርጫት ሙሉ ኳስ ብቻውን አያስተምርም

የጨፋ ሮቢት ልጅ ነኝ፤ ሥራዬ ጎልፍ ማሰልጠን ነው ስል ብዙ ሰው ቀልድ ይመስለዋል። አይፈረድበትም። ቦርከና የሚያጠጣው የጨፋ ሜዳ በበጋ ከአፋር ድረስ ከብት የሚመጣበት የግጦሽ ምድር ነው። ጎልፍ ሲባል የሚታወሰው አዲስ አበባ ነው፤ የአዲስ አበባ ጎልፍ ክለብ፣ ወይም በእንግሊዝ ኤምባሲ ግቢ ውስጥ ያለው ባለ ዘጠኝ ጉድጓድ ሜዳ። እኔም ጨዋታውን የለመድኩት እዚያው ከተማ፣ የሰው ዱላ በከረጢት ተሸክሜ፣ ካዲ ሆኜ ነው። ካዲ ቀኑን ሙሉ የሰው አመታት ሲያይ ይውላል። ያኔ ያየሁትን ነው እስካሁን የማስተምረው፦ ተጫዋቹ ‘እንዲህ አደረግኩ’ የሚለውና በእርግጥ ያደረገው ብዙ ጊዜ አይገጥምም።

ስዊንግ የምንለው ሙሉው አመታት ዱላውን ወደ ኋላ ወስዶ፣ መልሶ ኳሷን መትቶ እስከ መጨረሻው ማሳለፍ ነው። ኳሷ 46 ግራም አትሞላም። ዱላው ከእሷ ጋር የሚቆየው ከሰከንድ አንድ ሺህኛ ላነሰ ጊዜ ነው። በዚያች ቅጽበት የሚታረም ነገር የለም፤ ሁሉም ከዚያ በፊት በእጅ አያያዝ፣ በአቋቋምና በአካል ቅደም ተከተል አልቋል። ኳሷ መጀመሪያ የምትነሳበትን አቅጣጫ በአብዛኛው የሚወስነው የዱላው ፊት ነው። አየር ላይ ወዴት እንደምትታጠፍ የሚወስነው ደግሞ የዱላው ፊት በዞረበትና ዱላው በሚጓዝበት መስመር መካከል ያለው ልዩነት ነው።

ጀማሪን የሚያስለቅሰው ይሄ ልዩነት ነው። በቀኝ የሚመታ ሰው ኳሷ ወደ ቀኝ እየታጠፈች ትጠፋበታለች። መላ ያገኘ መስሎት ዱላውን ወደ ግራ ይስባል። የዱላው ፊት ግን እንደተከፈተ ስለሚቀር ልዩነቱ ይሰፋል፤ ኳሷም የባሰ ወደ ቀኝ ትታጠፋለች። ሌላው ደግሞ ኳሷን ከሣሩ ላነሳ ብሎ ወደ ላይ ይዝቃል፤ አናቷን ይመታታል፣ እሷም መሬት ለመሬት ትንከባለላለች። አይረን የምንለው የብረት ዱላ ፊቱ ወደ ኋላ ጋደል ብሎ የተሠራው ኳሷን ራሱ እንዲያነሳት ነው፤ የመቺው ሥራ መጀመሪያ ኳሷን፣ ቀጥሎ መሬቱን መንካት ነው። ይህን ሳያውቅ ቅርጫት ሙሉ ኳስ የሚመታ ሰው ስሕተቱን ነው የሚያጠነክረው።

ስለዚህ ትምህርቱ ዓይን ማበደር ነው። ከተማሪው ጀርባ፣ ኳሷ በምትሄድበት መስመር ላይ ቆሜ አንድ ጊዜ በስልክ እቀርጻለሁ፤ ፊት ለፊት ሆኜ ደግሞ አንድ ጊዜ።

“ክብደቴን ወደ ግራ እግሬ አሳልፌያለሁ” አሉኝ አንድ ጡረታ የወጡ ተማሪዬ።

“ጋሼ፣ እስቲ ይዩት” ብዬ ስልኩን ሰጠኋቸው። ቀኝ እግራቸው እንደተተከለ ነበር።

“ይሄ እኔ ነኝ?” አሉና ሳቁ። ከዚያ በኋላ መከራከር ቀረ። አንድ ቀን አንድ ነገር ብቻ ነው የማርመው፤ ሦስት ነገር የነገርኩት ሰው ሦስቱንም ይዞ አይሄድም።

ከወሎ ደጋ ገና ሲጫወት ያደገ ተማሪ ሲመጣልኝ ደስ ይለኛል፤ ቆልመም ያለ ዱላ አያስፈራውም። ግን ገና ላይ ሩሯ ትሮጣለች፣ ተጋጣሚም ይጋፋል፣ ጉልበት ይጠቅማል። እዚህ ኳሷ ዝም ብላ ትጠብቃለች። ምቱ የሚነሳው ከታች ነው፦ እግር፣ ዳሌ፣ ደረት፣ ክንድ፣ በመጨረሻ ዱላው። ክንድ ከቀደመ ጉልበቱ መንገድ ላይ ያልቃል።

ለዐረፋ አገር ቤት ስገባ የወንድሞቼ ልጆች አንዷን አይረን ይሻሙብኛል። ኳስ አልሰጣቸውም። የደረቀው ዋልካ ላይ በጣት መስመር አሰምርና “ዱላው መሬቱን ከመስመሩ ወዲያ ይንካ” እላቸዋለሁ። አጎቴ ቆመው አዩንና “ኳስ በሌለበት ምን ያስመታችኋል?” አሉ። “መሬቱ ይነግራቸዋል” አልኳቸው። ምልክቱ ከመስመሩ ወዲህ ካረፈ ክብደቱ ኋላ እግር ላይ ቀርቷል፤ ከመስመሩ ጀምሮ ወዲያ ካለፈ መልካም ነው። ይሄንን ማንም ሰው በጓሮው፣ ያለ ክፍያ፣ በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ ሊሠራው ይችላል።

ልጆቹን ስለ ክንዳቸው ሳይሆን ስለ መስመሩ የማወራቸውም በምክንያት ነው። ጋብሪዬለ ዉልፍና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት የጎልፍ ጀማሪዎችን ለሁለት ከፍለው አጭር ምት አለማመዱ። አንደኛውን ቡድን የክንዱን፣ ሁለተኛውን የዱላውን እንቅስቃሴ እንዲያስተውል ነገሩት። ዱላውን ያስተዋሉት በልምምዱ ላይም፣ በኋላ ሲፈተኑም በለጡ።

አመታትን በርቀት መመዘንም ያሳስታል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ኳሷ ከባሕር ዳርቻ ሜዳ ይልቅ አንድ አሥረኛ ያህል ርቃ ትሄዳለች። ያ የከፍታው ስጦታ ነው፤ የክንድ አይደለም። ረጅም ምት የሚያምራቸው ተማሪዎቼ የሚንቁት ደግሞ ኳሷን ወደ ጉድጓዱ የሚያንከባልለውን ዱላ፣ ፑተርን ነው። በተለመደው ባለ 72 ምት ሜዳ ለእያንዳንዱ ጉድጓድ ሁለት፣ በጠቅላላው 36 ምት የሚታሰበው ግሪን በሚባለው የጉድጓዱ ዙሪያ አጭር ሣር ላይ ለሚደረግ ፑት ነው። የጉድጓዱ ስፋት 108 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሳሎን ውስጥ ሲኒ አስቀምጦ የሚለማመድ ሰው ከዚያ ጠበብ ባለ ዒላማ ሠለጠነ ማለት ነው።

“እስከ መቼ ልማር?” ይሉኛል። ታይገር ዉድስ እ.ኤ.አ. በ1997 የማስተርስን ውድድር በ12 ምት ልዩነት አሸንፎ ሲያበቃ ከአሰልጣኙ ከቡች ሃርመን ጋር አመታቱን እንደገና ሠራ፤ በ2000 ከአራቱ ታላላቅ ውድድሮች ሦስቱን ወሰደ። የእኛ ሰው ግን በየሳምንቱ መክፈል የለበትም። ለጀማሪ በሁለት ሳምንት አንድ ትምህርት ይበቃዋል፣ በመካከሉ የታረመለትን አንዱን ነገር እስከለመደ ድረስ። መሻሻሉን የማውቀው ሲመጣ አፌን ሳልከፍት “ኳሷ ወደ ቀኝ የሄደችው ፊቱ ተከፍቶብኝ ነው” ሲለኝ ነው። እንዲህ ያለው ተማሪ ወደ እኔ የሚመጣበት ቀን እየራቀ ይሄዳል፤ ገቢዬ ይቀንሳል፣ ሥራዬ ግን የሰመረው ያኔ ነው።