የፀሐይን ነጠብጣብ የሚከታተሉ ጥቂት የኮድ መስመሮች

በፀሐይ ገጽ ላይ የሚታዩት ጥቁር ነጠብጣቦች እውነቱን ለመናገር ጥቁር አይደሉም። አካባቢያቸው 5,500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲግል እነሱ ወደ 3,500 ይወርዳሉ፤ ብርቱ መግነጢሳዊ ኃይል ከሥር የሚወጣውን ሙቀት ያግድባቸዋል። የጠቆሩ የሚመስሉት ከጎረቤታቸው አንጻር ሲታዩ ነው። ነጠብጣቦቹን ከፀሐይ ፎቶ ላይ የሚለየው አጭር ፕሮግራም፣ ማለትም ስክሪፕቱም፣ የሚይዘው ይህንኑ ልዩነት ነው።

ምስሉ በነጻ ይገኛል። ናሳ እ.ኤ.አ. በ2010 ያመጠቃት ኤስዲኦ የተባለች ሳተላይት 4096 በ4096 ፒክስል የሆነ የፀሐይ ፎቶ ትልካለች። በፓይተን የተጻፈ ስክሪፕት ይህን ፎቶ የሚያነበው እንደ ቁጥር ሠንጠረዥ ነው፤ ደማቁ ቦታ ትልቅ ቁጥር፣ ደብዛዛው ትንሽ። እንግዲህ አንድ ወሰን አበጅቶ ከዚያ በታች ያለውን «ነጠብጣብ» ማለት ነው።

ግን ያን ያህል አይቀልም። ፀሐይ መሐሏ ደምቆ ዳሯ ስለሚደበዝዝ ጀማሪ ስክሪፕት ዳሩን በሙሉ ነጠብጣብ አድርጎት ያርፋል። መፍትሔው፣ ከመሐል እኩል የሚርቁትን ፒክስሎች እንደ ቀለበት ሰብስቦ የየቀለበቱን መካከለኛ ድምቀት መውሰድና እያንዳንዱን ፒክስል በዚያ ማካፈል ነው። ያኔ ገጹ ይስተካከላል፤ ነጠብጣቦቹም ጎልተው ይወጣሉ። የተነካኩ ጥቁር ፒክስሎች እንደ አንድ ይቆጠራሉ፤ ስፋታቸውና ቦታቸው ይመዘገባል።

ክትትሉ ከዚህ ይጀምራል። ከምድር ሲታይ ፀሐይ በ27 ቀን ገደማ አንዴ ስለምትዞር ነጠብጣቡ በቀን ወደ 13 ዲግሪ ይጓዛል፤ ስክሪፕቱ ነገ የት ሊፈልገው እንደሚገባ ያውቃል ማለት ነው። እንግሊዛዊው ሪቻርድ ካሪንግተን በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ይህንኑ በእጁ ለዓመታት እየለካ፣ ፀሐይ በወገቧ ከሌላው ቦታዋ ፈጥና እንደምትዞር ደርሶበታል።

ኮምፒውተሩ የሚቸገረው ሌላ ቦታ ነው። ነጠብጣቦች ብዙውን ጊዜ በቡድን ነው የሚታዩት፤ የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ሩዶልፍ ቮልፍ ለቆጠራቸው ባወጣው ቀመርም የቡድኖቹ ብዛት በ10 ተባዝቶ የነጠላ ነጠብጣቦቹ ቁጥር ይደመርበታል፤ ሁለት ቡድን ተጠጋግተው ሲበቅሉ ታዲያ ድንበራቸውን ማን ይለያል? ለስፋትና ለቦታ ስክሪፕቱን አምናለሁ፤ ለቡድን ግን የሠለጠነ ዓይን ይበልጣል። ቤልጅየም የሚገኘው ዓለም አቀፍ የነጠብጣብ ቆጠራ ማዕከልም ዛሬ ድረስ በሰው ዓይን የሚቆጥሩ ታዛቢዎችን ይዟል።

መሞከር የምትፈልጉ እ.ኤ.አ. ከሜይ 4 እስከ 13፣ 2024 የተነሡትን ምስሎች አውርዱ። ቁጥሩ 13664 የሆነውና በዚያው ወር ምድርን የመታውን ታላቅ መግነጢሳዊ ማዕበል ያስነሣው ቡድን እዚያ ላይ አለ፤ ጀማሪ ስክሪፕትም አያመልጠውም። ፀሐይን ራሷን ግን ያለ ማጣሪያ በዓይናችሁም ሆነ በቴሌስኮፕ እንዳታዩ።