ሳይሞት የተገነዘው ሞተር

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ አበው። ይህን አባባል ሰሞኑን ያስታወሰኝ ቄስም ደብተራም አይደለም፤ ፍራንክፈርት ውስጥ ግሪስሃይም ሰፈር፣ በአንድ ጋራዥ ግቢ፣ በጥር ብርድ አልነሳም ብላ የቆመች መኪና ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአውሮፕላን ማረፊያው በሌሊት ፈረቃ ዕቃ የሚጭን አንድ የአገሬ ልጅ፣ ስንት ዓመት ቆጥቦ ያገለገለች ማዝዳ አር ኤክስ 8 ገዛ። የፍሬን ሸራ ለማስቀየር ራሱ እየነዳ ጋራዥ አስገባት። በማግስቱ ሊወስዳት ሲሄድ ሞተሪኖው ይዞራል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም። መካኒኩ ደጋግሞ ሞክሮ፣ ባትሪው ሲደክም እጁን በጨርቅ ጠረገና «ሞተሩ አልቋል» ብሎ ፈረደ። ለሌላ ሞተር የጠየቀው ገንዘብ መኪናዋ ከተገዛችበት ዋጋ ይበልጣል።

ልጁ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ የምፈርመው ወረቀት ሰጥተውኛል፤ እባክዎ መጥተው ያንብቡልኝ።» እጁ ላይ የነበረው ገንዘብ ለእናቱ የዓይን ሕክምና ወደ ጎንደር ሊልክ ያስቀመጠው ነበር።

እኔ መካኒክ አይደለሁም። ጋዜጠኝነት ያስተማረኝ ነገር ቢኖር ግን «እገሌ ሞተ» ሲባል «ማን አየ?» ብሎ መጠየቅን ነው። ስለዚህ ጠየቅሁ። ትናንት በደህና ነድታ የገባችን መኪና በአንድ ሌሊት ምን ገደላት? መልሱን የሰጠኝ ተለማማጁ ልጅ ነው። ማታ ሥራው ሲያልቅ አስነሥቶ ከግቢው ጥግ አቆማትና ወዲያው አጠፋት። ጠዋት ደግሞ ለሌላ መኪና ቦታ ለመልቀቅ እንደገና አስነሣት፤ ጥቂት ሜትር ነድቶ አጠፋት። ወንጀሉ ይኸው ነው!

አንባቢ «መኪና ማስነሣትና ማጥፋት ምን ነውር አለው?» ይል ይሆናል። ለተራው መኪና የለውም። ይህች ግን ሞተሯ ሌላ ነው። ፒስተን ወደ ላይና ወደ ታች አይመላለስባትም፤ ቫልቭም የላትም። በስምንት ቁጥር አምሳል በተሠራ ክፍል ውስጥ ባለሦስት ማዕዘን ብረት ይሽከረከራል። በየማዕዘኑ ጫፍ ያሉት ቀጫጭን ማሸጊያዎች ከግድግዳው ጋር ገጥመው አየርና ቤንዚኑን ያምቃሉ። እነርሱም በደንብ የሚገጥሙት ስስ የዘይት ሽፋን ሲኖር ነው።

ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሣ ቤንዚን በብዛት ይረጭለታል። ሳይሞቅ ከጠፋ ያልተቃጠለው ቤንዚን እዚያው ይቀራል፤ ካንዴላውን ያረጥባል፣ የዘይቱን ሽፋን ያጥባል። ዘይቱ ሲታጠብ እመቃው (መካኒኮች ኮምፕሬሽን የሚሉት) ይወድቃል። በማግስቱ ቁልፍ በተጠመዘዘ ቁጥር ሌላ ቤንዚን ይጨመርበታል። ሞተሩ አልሞተም፤ በቤንዚን ታንቋል። የታነቀን ሰው ውኃ ማጠጣት እንደማለት ነው።

የሚያስገርመው፣ ይህ ሞተር ለጀርመን አገር እንግዳ አይደለም። ፈጣሪው ፌሊክስ ቫንክል በ1902 ላር ከተማ የተወለደ ጀርመናዊ ነው። የመጀመሪያው ሞተር በ1957 ኔካርዙልም በሚገኘው በኤንኤስዩ ፋብሪካ ሠራ። በሞተሩ የምትነዳው የኤንኤስዩ ሽፓይደር በ1963፣ ታዋቂዋ ሮ 80 ደግሞ በ1967 ለሕዝብ የታዩት እዚሁ ፍራንክፈርት፣ በመኪና ትርኢቱ ላይ ነው። የሮ 80 ሞተር ማሸጊያዎቹ ቶሎ እያለቁ ፋብሪካውን አከሰሩት፤ መኪናዋም በ1977 ቀረች። ፈቃዱን የገዛው የጃፓኑ ማዝዳ ግን አልተወውም፤ በ1991 የለማንን የ24 ሰዓት ውድድር አሸነፈበት። የአር ኤክስ 8 ምርት በ2012 ቆመ፤ በ2023 ሞተሩ ለኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ መሙያ ሆኖ ተመለሰ። ወላጁ አገር የረሳውን ልጅ ባዕድ አሳደገው ማለት ነው። እኛ ስደተኞች ይህን ታሪክ እናውቀዋለን።

ወደ ግቢው እንመለስ። ቀድሞ አዲስ አበባ በመካኒክነት የሠራ፣ ዛሬ እዚህ ታክሲ የሚነዳ ወዳጄን ጠራሁ። ወረቀቱ ሳይፈረም፣ በጋራዡ ፈቃድ ሥራ ጀመረ። ባትሪውን አስሞላ። የቤንዚን ፓምፑን ፊውዝ ነቀለ። የካንዴላዎቹን የኤሌክትሪክ መስመር አላቆ አራቱንም ፈታ፤ ሁሉም በቤንዚን ርሰዋል። ሲጋራ የያዘውን ሁሉ አባረረና ሞተሪኖውን እያሳረፈ አዞረው፤ ቤንዚኑ በካንዴላው ቀዳዳ ተተፋ። በየቀዳዳው ጥቂት የሞተር ዘይት ጨምሮ እንደገና አዞረ። ከዚያ አዲስ ካንዴላ አሰረ፤ የላዩና የታችኛው ዓይነታቸው ስለሚለያይ እንዳይቀያየሩ ተጠነቀቀ። መስመሩንና ፊውዙን መለሰ።

መጀመሪያ አስነጠሰች። ቀጥሎ ተንተባተበች። በሦስተኛው ነጭ ጭስ ግቢውን ሸፈነውና ተነሣች! የሙቀት መርፌው ከቦታው እስኪደርስ ማንም ቁልፉን እንዳይነካ ወዳጄ አዘዘ። ወጪው አራት ካንዴላና ትንሽ ዘይት ሆነ።

እንዲህ ያለ መኪና ያላችሁ ወገኖች፣ ሦስት ነገር ያዙ። አንደኛ፣ ካስነሣችኋት ሳትሞቅ አታጥፏት፤ ጋራዥ ስታስገቡም ይህንኑ በጽሑፍ ተናገሩ። ሁለተኛ፣ አልነሳ ካለች አትደጋግሙ፤ ያልተቃጠለ ቤንዚን ማርሚታው ጋ ያለውን ካታሊዛቶር ሊያበላሽ ይችላል። የነዳጁን ፔዳል እስከ ወለሉ ረግጦ ማዞር ቤንዚኑን ስለሚያቋርጥ አንዳንዴ ያ ብቻ ይበቃል። ሦስተኛ፣ «ሞተሩ አልቋል» ከተባላችሁ በመጀመሪያ ደርቆ፣ ዘይት አግኝቶ፣ ለዚህ ሞተር በተሠራው መለኪያ እመቃው ይለካ። ማሸጊያው በእውነት ያለቀ ሞተር አለና፣ ቁጥሩ ይናገር።

ከጋራዡ ጋር ካልተስማማችሁ፣ የሙያ ማኅበሩ (የኢኑንግ) አባል እስከሆነ ድረስ የማኅበሩ የሽምግልና ጽሕፈት ቤት፣ ሺድስሽቴለ የሚሉት፣ አቤቱታችሁን ያለ ክፍያ ያያል።

ልጁ ያን ማታ ፈረቃው ላይ በሰዓቱ ደረሰ። በማግስቱ ገንዘቡ ወደ ጎንደር ሄደ። ያልተፈረመው ወረቀት ግን እስከ ዛሬ እኔ ኪስ ውስጥ አለ።