በአሜሪካ አገር የማኅፀን ኦፕራሲዮን ሒሳብ እንዴት እንደሚመረመር

ጥሬ ቡና በጉምሩክ ታሪፍ 0901.11፥ የተቈላው ደግሞ 0901.21 መሆኑን ቡና ላኪዎቻችን ያውቃሉ። አንዲት አኀዝ የተሳሳተች እንደ ሆነ ዕቃው ሌላ ዕቃ ሆኖ ይቈጠራል። በአሜሪካ አገር የሐኪሞች ሒሳብም የሚሠራው በዚሁ ዐይነት ቁጥር ነው።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ፥ የምሠራላቸው ነጋዴ በዚያ አገር ለሚኖሩት እኅታቸው ገንዘብ ከመላካቸው በፊት ፋክቱሩን እንድመረምር ስለ ሰጡኝ ነው፤ የምጽፈውም በሁለቱ ፈቃድ ነው። ነገሩ የሴት ገመና ነውና ሳያነቡ መክፈል የተለመደ ነው። እኔ ግን ገመና መጠበቅ ሌላ፥ ሒሳብ መመርመር ሌላ ይመስለኛል።

ለሕክምናው ሥራ ባለአምስት አኀዝ ቁጥር የሚሰጠው የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር ሲሆን፥ መዝገቡ መጀመሪያ የታተመው በ1966 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) ነው። ሆድን በሰፊው ሳይቀዱ በትንንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና መሣሪያ አስገብቶ የሚሠራው ኦፕራሲዮን ላፓሮስኮፒ ይባላል። ማኅፀን በሙሉ በዚህ መንገድ ተለቆ ሲወጣ ቁጥሩ ከ58570 እስከ 58573 ካሉት አንዱ ይሆናል። የማኅፀን አንገት በስፍራው ሲቀር ከ58541 እስከ 58544 ያሉት፥ በላፓሮስኮፒ ተጀምሮ በብልት በኩል ሲፈጸም ደግሞ 58550፥ 58552፥ 58553 እና 58554 ያገለግላሉ።

በየክፍሉ ውስጥ ቁጥሩን የሚለዩት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ይኸውም የማኅፀኑ ክብደት ከ250 ግራም መብለጡና፥ የእንቁላል ቱቦ ወይም የእንቁላል ዕጢ አብሮ መውጣቱ ነው። ስለዚህ 58570 ማለት ክብደቱ እስከ 250 ግራም የሆነ ማኅፀን ብቻውን ሲወጣ ነው፤ 58571 ያው ማኅፀን ከቱቦው ወይም ከዕጢው ጋራ ነው። 58572 ከ250 ግራም የሚበልጠው ብቻውን፥ 58573 ደግሞ እርሱው ከቱቦው ወይም ከዕጢው ጋራ ሲወጣ ነው። ኦፕራሲዮኑ በሮቦት ተረድቶ ቢሠራም ዋናው ቁጥር በዚህ ምክንያት አይለወጥም።

የሴትዮዋ ፋክቱር 58573 ይላል። ከላቦራቶሪው የመጣው ወረቀት ግን የማኅፀኑን ክብደት 180 ግራም ብሎ መዝግቦታል፤ ቱቦዎቹም ወጥተዋል። እንግዲህ ትክክለኛው 58571 ነበር። የከባዱ ዋጋ ከቀላሉ ስለሚበልጥ፥ ኢንሹራንሱ ከከፈለው የተረፈውን ድርሻ የሚሸከሙት እርሳቸው ነበሩ። ሁለቱ ወረቀቶች ተያይዘው በደብዳቤ ሲቀርቡ ሒሳቡ ታረመ።

ሌላም ነገር አለ። በመንግሥቱ የሜዲኬር ደንብ የቀዳጁ ሐኪም ክፍያ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ እስከ 90 ቀን የሚደረገውን የተለመደ ክትትል ይጨምራል፤ ብዙዎች የግል ኢንሹራንሶችም ይህን ይከተላሉ። ስለዚህ በእነዚያ ቀኖች ለተለመደው ክትትል ከዚያው ሐኪም ሌላ ፋክቱር ቢመጣ ምክንያቱን መጠየቅ ይገባል። የሆስፒታሉና የማደንዘዣ ሰጪው ሒሳብ ግን ለየብቻው መምጣቱ ስሕተት አይደለም።

የኦፕራሲዮኑን ማስታወሻና የላቦራቶሪውን ወረቀት ታካሚው ጠይቆ የማግኘት መብት በሕግ አለው። ወንድም ወይም ባል ከአዲስ አበባ ቢጽፍ ግን ሆስፒታሉ ስለማይመልስለት፥ ደብዳቤውን ሕመምተኛዋ ራሳቸው መፈረም፥ አለዚያም የውክልና ፈቃድ በጽሑፍ መስጠት አለባቸው።