በራ ወይስ ቢራ? ባለ ወፍራም እግሩ ፊደልና የእኛ ታፔላ

ጁባ ውስጥ ሆቴልና ምግብ ቤት ከፍተው የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው። ከእነሱ አንዱ አማራት ሰፈር ቤት ቢከፍት ታፔላው ሁለት ዓይነት ደንበኛ መጥራት አለበት፤ እንግሊዝኛውን የሚያነበውን የአገሬውን ሰውና አማርኛ ሲያይ ጎራ የሚለውን የወንዙን ልጅ። ለእንግሊዝኛው ስም ዲዛይነሩ ስላብ ሴሪፍ የሚባለውን ደልዳላ ፎንት ቢመርጥ የሚደንቅ አይደለም፤ ለማስታወቂያ የተፈጠረ ነውና። ችግሩ የሚጀምረው ባለቤቱ «አማርኛውንም እንደዚሁ አድርግልኝ» ሲል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ከዚህ ፎንት መውሰድ ያለብን ውፍረቱን እንጂ እግሩን አይደለም።

ሴሪፍ በላቲን ሆሄ ጫፍ ላይ የምትጨመር አጭር ጭረት ናት። በተለመደው የመጽሐፍ ፊደል ቀጭን ናት፤ በስላብ ሴሪፍ ግን እንደ ግንዱ ወፍራም፣ ጫፏም አራት ማዕዘን ስለሆነ ሆሄው ከባድ ቡትስ ጫማ የተጫማ ይመስላል። ቅርጹ የተወለደው ለገበያ ነው። የለንደኑ ፊደል ቀራጭ ቪንሰንት ፊጊንስ በ1810ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሲያወጣው፣ ነጋዴው ከመንገድ ማዶ የሚታይ ማስታወቂያ ይፈልግ ነበር። በ1845 ሮበርት ቤዝሊ ያወጣው ክላረንደን የተባለው ስላብ ሴሪፍ ደግሞ እንደ መዝገበ ቃላት ባሉ መጻሕፍት ውስጥ አንዱን ቃል ከሌላው አጉልቶ ለማሳየት አገለገለ። በ1955 ገደማ ለአይቢኤም የጽሕፈት መኪና የተሠራው ኩሪየር ሌላ ጥቅም አሳየ። በዚያ መኪና ሆሄ ሁሉ እኩል ስፋት ስለሚይዝ፣ ትንሿ የላቲን አይ ግራና ቀኟ ባዶ ሆኖ እንዳይቀር ረጅሙ እግር ሞላላት። በሦስቱም ቦታ እግሩ ድምፅ የለውም። ቢጨመርም ቢነሣም ኤም ያው ኤም ነው።

በእኛ ፊደል ግን እግር ይናገራል። «በ» በቀኝ እግሯ ግርጌ ትንሽ ጭረት ስትጨመርላት «ቢ» ትሆናለች፤ በጭረቷ ፈንታ ቀለበት ሲሆን ደግሞ «ቤ»። «ነ» ከ«ኒ»፣ «ገ» ከ«ጊ» የሚለዩትም እዚያው ታች ነው። አናቱም ቢሆን ነጻ ቦታ አይደለም፤ «ሰ» ላይ ጭረት ሲጋደም «ሸ»፣ «ከ» ላይ ሲጋደም «ኸ» ይሆናል። ስለዚህ ወፍራም እግር የተተከለበት «በራ» ቢራ መሸጫ ሊመስል ይችላል፤ አናቱ የተከደነ «ሰማ»ም ሸማ ይሆናል። ጉዳቱ እዚህም አያበቃም። ግዕዙ ሁሉ እግር ካወጣ የእውነተኛው ሣልስ ምልክት በጌጥ መሀል ይጠፋል፤ አንባቢው የቱ ጭረት ድምፅ፣ የቱ ጌጥ እንደሆነ ቆሞ መመርመር ይኖርበታል።

የሚቃወም ሰው ሁለት ነገር ያነሣል። አንደኛው፣ አንባቢ ሆሄ በሆሄ አይለቅምም፣ ከዐረፍተ ነገሩ ይገምታል የሚል ነው። ለጋዜጣ ዐምድ ይህ እውነትነት አለው። ታፔላ ላይ ግን ዐረፍተ ነገር የለም፤ ብዙ ጊዜ ያለው የሰው ወይም የቀዬ ስም ብቻ ነው፣ እሱም በቦዳ ቦዳ (በሞተር ታክሲ) እያለፉ የሚነበብ። ሁለተኛው ከበድ ይላል፦ ፊደላችንስ መቼ ሳይለወጥ ኖረ? በእርግጥ ተለውጧል። ዮሐንስ ፖትከን በ1513 ሮም ላይ መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ ሲያሳትም የብራናው ጽሕፈት ወደ ብረት ሆሄ ተዛወረ። የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ግንዱንና ምልክቱን ለየብቻ እየመታ ያጋጥም ነበር። ከ1999 ወዲህ ደግሞ ፊደሉ ዩኒኮድ በተባለው የኮምፒውተር ሆሄያት መለያ ውስጥ ቦታ አግኝቷል። ይሁንና ይህ ታሪክ ክርክሩን ለተቃዋሚው አያሸንፍለትም። በየዘመኑ ውፍረቱ፣ ስፋቱና ማዕዘኑ ሲለዋወጥ ድምፅ የሚለዩት ምልክቶች ቦታቸውን አልለቀቁም። የጽሕፈት መኪናው ጽሑፍ ዓይን የሚቆረቁረውም ምልክቱ ከግንዱ ጋር አልገጥም ሲል ነበር።

ውፍረቱን መዋስ ግን ይጠቅመናል። አማርኛ ትልቅና ትንሽ ሆሄ ስለሌለው አንድን ቃል ማጉላት ሲያስፈልግ ምርጫችን ጥቂት ነው። ቁም ጸሐፊዎች የቅዱሳንን ስም በቀይ ቀለም ይለዩ ነበር፤ በጎንደር ዘመን መጻሕፍት የሚታየው «ጉልሕ» የተባለው ትልቅ አጻጻፍም ደልዳላ ፊደል ባዕዳችን እንዳልሆነ ይመሰክራል። በብርዕ ጽሕፈት ቋሚው ወፍራም፣ አግዳሚው ቀጭን ነው፤ ከሩቅ ሲታይ ቀድሞ የሚጠፋው ቀጭኑ ነው። ስለዚህ ዲዛይነሩ አግዳሚውን ያወፍር፣ የእግሩንም ጫፍ በሰያፍ ፈንታ ቀጥ አድርጎ ይቁረጥ፤ ከእንግሊዝኛው ጋር የሚፈለገው ዝምድና በቁመትና በውፍረት ይገኛል። መጠንቀቅ ያለበት እንደ «ጠ» እና «ሐ» ያሉትን ባለ ሦስት እግሮች ነው፤ እኩል ከወፈሩ መሀላቸው ይደፈናል፣ ስለዚህ መሀለኛው እግር ሳሳ፣ ሆሄውም ሰፋ ይበል። የ«ቤ» ቀለበትም ከልማዱ ተለቅ ካላለ ከሩቅ ጥቁር ነጥብ ይሆናል። ባለቤቱም ለቀለምና ለብረት ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ናሙናውን በወረቀት አሳትሞ ግድግዳው ላይ ይለጥፍ፤ ስሙን የማያውቅ ሰው ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ያንብብለት። ያ ሰው ከተጠራጠረ መታረም ያለበት ታፔላው ነው።