ፈቃዱ ላይ፣ ዕዳው ታች

ግንበኛ አሸዋ ሲገዛ መጀመሪያ ጨብጦ ያሸዋል። መዳፉ ላይ አፈር ከቀረ አሸዋው ጭቃ አለው፤ ሲሚንቶ ይበላል፣ ልስኑም ይሰነጠቃል። እኔ አዋሽ ሰባት ኪሎ ውስጥ የምሠራ ግንበኛ ነኝ። የወንዝ አሸዋ የምንወደው ውሃው ራሱ አጥቦ፣ ጭቃውን ወስዶ፣ ፍሬውን ስለሚተውልን ነው። በቢያጆው ዋጋ ስንከራከር እንውላለን፤ ከየትኛው ወንዝ፣ በማን ፈቃድ ተዝቆ እንደመጣ ግን አንጠይቅም። ጥያቄው የግንበኛም የቤት አሠሪም መሆን አለበት እላለሁ።

የአዋሽ ወንዝ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ ከጊንጪ አካባቢ ደጋ ይነሳል። 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ባሕር ሳይደርስ፣ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። ከኦሮሚያ ወደ አፋር ሲወርድ የአዲስ አበባን፣ የአማራ ክልልን፣ የድሬዳዋን ፍሳሽም ተፋሰሱ ይሰበስባል። ስለዚህ አንዱ ክልል ወንዝ ዳር የተሰጠ ፈቃድ መዘዙ ሌላው ክልል፣ አፋር ውስጥ፣ ዱብቲና አሳይታ ላይ ሊወጣ ይችላል። ከዚያ ወዲያ ያለው ደግሞ ሌላ አገር ነው።

አሸዋ ዝም ብሎ የተኛ ሀብት ይመስላል። በእኛ ቆላ ግን አሸዋ የውሃ ጎተራ ነው። ዝናብ ሲቆም ገባር ወንዞቹ ይደርቃሉ፤ ጎርፉ ትቶት የሄደው ውሃ ግን አሸዋው ውስጥ ተደብቆ ይቆያል። ፍየልና ግመል የሚጠብቅ ሰው አሸዋውን በእጁ ጭሮ ውሃ የሚያወጣው ለዚህ ነው። ስካቫተር ገብቶ አሸዋውን እስከ አለቱ ከጠረገው ግን የሚቀጥለው ጎርፍ የሚያርፍበት አያገኝም፤ መጥቶ ያልፋል።

ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። የወንዙ ወለል ዝቅ ሲል ዳርቻው መሠረቱ ሥር እንደተቆፈረ ግንብ ይናዳል፤ ከእርሻውም ይዞ ይሄዳል። በአቅራቢያው ያሉ ጉድጓዶች ውሃቸው ይሸሻል፣ የድልድይ ምሰሶ እግሩ ይራቆታል። በቁፋሮው የተነሳው ጭቃ ወደ መስኖ ቦይ ይወርዳል። የቀይ አሽና የድንጋይ ካባ ሳይሸፈን ሲቀርም የተበተነውን አፈር ዝናቡ ወደ ወንዙ ያጥበዋል። በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው የቆቃ ግድብ በደለል እየተሞላ መሆኑ የታወቀ ነው። ደለሉ በዋናነት የሚመጣው ከተራቆተ ተዳፋት ቢሆንም፣ ያልተስተካከለ ቁፋሮ በዚያ ላይ የሚጨመር ሸክም ነው።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እንደሚገምተው ዓለም በየዓመቱ ወደ 50 ቢሊዮን ቶን አሸዋና ጠጠር ይጠቀማል። በቬትናም የሜኮንግ ወንዝ አሸዋው ከመጠን በላይ ስለተዛቀ የወንዙ ወለል ወርዷል፤ ዳርቻው ከነቤቱ ይናዳል፣ የባሕር ጨውም ወደ ሩዝ ማሳው ይገባል።

ማዕድን ከኬሚካል ጋር ሲሆን ደግሞ ጭንቀቱ ይብሳል። ጉጂ ውስጥ፣ ሻኪሶ አጠገብ ያለው የለገደንቢ ወርቅ ማውጫ ወርቁን ከድንጋዩ የሚለየው በሳያናይድ ነው። ነዋሪዎቹ ውሃችን ተበከለ፣ ልጆቻችን ከነጉዳታቸው እየተወለዱ ነው ብለው ጮኹ። ተቃውሞው ሲበረታ የማዕድን ሚኒስቴር ግንቦት 2010 ዓ.ም. ላይ ሥራውን አገደ፤ በ2013 ዓ.ም. እንደገና ተፈቀደ። ቦታው በገናሌ ዳዋ ተፋሰስ ውስጥ ነው። ዳዋ የኬንያን ድንበር ታክኮ ይወርድና ዶሎ ላይ ከገናሌ ጋር ተገናኝቶ፣ ጁባ ተብሎ ሶማሊያ ይገባል። ያ ተፋሰስ ሲበከል ታች ያለው ሰው የፈቃዱን ወረቀት ዓይቶት እንኳ አያውቅም።

ሕጉ ይህን አልረሳውም። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995፣ በአንቀጽ 6፣ ጉዳቱ ከአንድ ክልል ወደ ሌላው ሊሻገር የሚችል ሥራ ሲታቀድ፣ ጉዳቱ የሚደርስበት ማኅበረሰብ በየትኛውም ክልል ቢኖር ግምገማው እሱን በማማከር እንዲካሄድ ያዛል። ችግሩ አሸዋ እንደ ትንሽ ሥራ መታየቱ ነው። እያንዳንዱ ፈቃድ ለብቻው ሲታይ በእርግጥ ትንሽ ነው። በአንድ ወንዝ ላይ የተደረደሩት ሁሉ ሲደመሩ ግን ትልቅ ማዕድን ይሆናሉ፤ ደምሮ የሚያይ ሰው ግን አይታይም።

አሸዋ ይቁም እያልኩ አይደለም። እኔም የምበላው ከእሱ ነው፤ በማኅበር ተደራጅተው በአካፋ የሚጭኑ ልጆችም ሌላ እንጀራ የላቸውም። ቁፋሮው ግን ልክ ይኑረው። ውሃው ካለበት በላይ ይቁም፤ ከድልድይና ከውሃ ጉድጓድ ይራቅ፤ ለከብት ውሃ የሚጫርበት ቦታ ይከለል፤ የተቆፈረው ካባ ተደልድሎ ይመለስ። ድንጋይ ተፈጭቶ የሚሠራ አሸዋም ለብዙ ሥራ ይበቃል፤ ኮንትራክተሮች ይህን ያውቃሉ።

ፈቃድ ሰጪዎች ሆይ፣ አንቀጽ 6ን ከመሳቢያ አውጡት። ላይ ያለው ወረዳ ከመፈረሙ በፊት ታች ያለውን የአፋር አርብቶ አደር ይጠይቅ። እርስዎም ቤት ሲያሠሩ ገልባጩ በርዎ ላይ ሲቆም፣ ከዋጋው በፊት የአሸዋውን ፈቃድ ይጠይቁ። ሾፌሩ ወረቀት ከሌለው አይራገፍ።