በመዶሻ የምትበላው ከረሜላ

ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ ሳራቶጋ ስፕሪንግስ የምትባል ከተማ አለች። እዚያ ለገና አሳማ ይሰበራል። አትደንግጡ፣ ከረሜላ ነው፦ ሮዝ፣ ጠጣር፣ ሚንት ሚንት የሚል። አሳማዋ በከፋይ ከረጢት ውስጥ ሆና ከትንሽ የብረት መዶሻ ጋር ትቀርባለች። ምግብ ከተበላ በኋላ ከረጢቱ በየተራ ይዞራል። የደረሰው ሰው በዓመቱ ያገኘውን አንድ ጥሩ ነገር ተናግሮ አንዴ ኳ ያደርጋታል። ከዚያ ስብርባሪውን ሁሉም ይካፈላል፣ ለመጪው ዓመት ዕድል ነው እያሉ።

ልማዱ በ1880ዎቹ የተጀመረ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ግን ስኳር በራሽን ሆነ፤ አሳማዋም ቀረች። (ስኳር ፍለጋ ሸማቾች ማህበር በር ላይ ለተሰለፈ ሰው ይሄን ማብራራት አያስፈልግም።)

እኔን የገረመኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ግብዓቱ ሲመለስ ምርቱም ይመለሳል ይላል። ስኳሩ ተመለሰ፣ አሳማዋ ግን ከ40 ዓመት በላይ ጠፍታ ቆየች። በልጅነታቸው የሰበሯት አርጅተው ነበር። የሚንት ከረሜላማ የትም ሱቅ አለ፤ እነሱ ያጡት ያንን ተራ ነው። በ1988 አንድ የከተማዋ ከረሜላ ሠሪ እንደገና ሠራት። አሁን በየገናው ትሸጣለች፣ ከነመዶሻዋ።